ዝም ያለው እግር

እኔና ባለቤቴ ሕመም ተካፍለን የምንኖር ባልና ሚስት ነበርን። ወገብ የኔ፣ እግር የሱ። የኔ ወገብ ስድ ነው፤ ጎንበስ ባልኩ ቁጥር ሰው ፊት ያስጮኸኛል። እኔም ሕመም ላይ ይሉኝታ የለኝም፣ እጮሃለሁ። ድስት ሳወርድ «ወይኔ ወገቤ!»፣ የቢራ ሣጥን ስገፋ «ወይኔ ወገቤ!» ደንበኞቻችን ከመልመዳቸው የተነሳ ገና ጎንበስ ስል እነሱ ቀድመው ይሉልኛል። እሱ ደግሞ ተቃራኒዬ ነው። ሕመሙን እንደ ቤተሰብ ገበና ሸፍኖ የሚይዝ፣ «እንዴት አደርክ?» ሲባል «እግዚአብሔር ይመስገን» ብሎ የሚያልፍ ሰው ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም እያልኩ ስጨቀጭቀው፣ «አንቺ የማትደብቂው ምን መድኃኒት አገኘሽ?» ይለኛል።

ጁባ ውስጥ፣ ጀበል ገበያ ዳር፣ ትንሽ ጥብስ ቤት አለችን። ሥጋውን የሚቆርጠውም፣ ከሰሉ ላይ ቆሞ የሚጠብሰውም እሱ ነበር፤ የቀረው ሁሉ የኔ ነው። ከቤታችን ጀርባ ተራራው አለ። ከተራራው ሥር ሴቶች ድንጋይ ይፈልጣሉ፤ የመዶሻቸው ድምፅ ከጠዋት ጀምሮ ይሰማናል። ሻይ ሊጠጡ ሲመጡ ዓይኔ ጣታቸው ላይ ነው የሚያርፈው። ከነሱ አንዷ የአውራ ጣቷን ጥፍር መዶሻ ወስዶባታል። «ወጃ ፊ?» እላታለሁ በምችላት የጁባ አረብኛ፣ ያምሻል ወይ ለማለት። «ፊ! ወጃ ፊ!» ትለኛለች፤ አለ እንጂ፣ ያማል እንጂ፤ ከዚያ ትስቅና ስኳር ጨምሪልኝ ትላለች። እኔም አንጀቴን እየበላችው ጨምሬላት እሄዳለሁ።

ባለቤቴ ስኳር በሽታ አለበት። ገና አዲስ አበባ ሳለን ነው የተነገረው። «የሀብታም በሽታ ያዘኝ፤ ሀብቱ ወደኋላ ቀርቶ ነው እንጂ መንገድ ላይ ነው» እያለ ይቀልድ ነበር። ጁባ የመጣነው ያን ሀብት ፍለጋ ነው ማለት ይቻላል። ኪኒኑን ሲያስታውስ ይውጣል፣ ሲረሳ ይተዋል፤ ሲያልቅበት ደግሞ ከአገር ቤት የሚመጣ ሰው እስኪገኝ ይጠብቃል። የባሰ አለና አገርህን አትልቀቅ ይባል የለ? እኛ ለቀን መጣን፤ የባሰውም ተከትሎን መጣ።

እግሩ መቃጠል ጀመረ። መጀመሪያ ውስጥ እግሩን፣ ከዚያ ጣቶቹን፣ ከዚያ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ድረስ። እሱ እንኳን፣ ያ ሕመም ደባቂ ሰው፣ አንድ ቀን ከሰሉ አጠገብ ቆሞ «እሳት የረገጥኩ ይመስለኛል» አለኝ። «አንተ ሰውዬ፣ ከእሳት ጋር እኮ ነው የምትውለው» አልኩት። ሳቅን። ግን ሳቁ ብዙ አልቆየም። ሥጋ በሚቆርጥበት ጠረጴዛ ሥር ሳፋ ውሃ አስቀምጦ እግሩን እየነከረ መሥራት ጀመረ። አንሶላ ሲነካው ያቃስታል። ካልሲ ማጥለቅ እንደ ቅጣት ሆነበት። ለምሳ የሚመጡት ወታደሮች ሳፋውን አይተው «ዓሣም ትሸጣላችሁ እንዴ?» ብለው ሲስቁበት አብሯቸው ይስቃል፤ ዓይኑ ግን እንባ አቅርሮ አየው ነበር። ስለት እንድሳል ያደረገኝ ያ ዓይን ነው።

እኔ ስለት አላጠፋም፤ የተሳልኩትን ሁሌም አድርሻለሁ። በዚህ ጉዳይ የትኛው ቅዱስ ጋ እንደምሄድ ለማሰብ ጊዜ አልፈጀብኝም። በአንድ እግሩ ቆሞ ሲጸልይ ሌላው እግሩ ተቆርጦ የወደቀው ጻድቅ አባታችን እያለ ስለ እግር ለማን አስረዳለሁ? ሥዕሉ ፊት ቆምኩና በሰው ቋንቋ ነገርኩት። «አንተ የእግርን ነገር ታውቀዋለህ። ይህን ማቃጠል ንቀልለት። ከነቀልክለት ወርቅ ዘርፍ ያለው ትልቅ ጥላ አስመጣልሃለሁ፤ በዓመቱ ንግሥህ ላይ ራሱ፣ በባዶ እግሩ፣ ይዞልህ ይቆማል።» በባዶ እግሩ ያልኩት እኔ ነኝ። ያለ ጫማ ማገልገል ያው የኛ ወግ ነው፤ ለእግር የተሳለ ሰው ጫማ አድርጎ ጥላ ይያዝ እንዴ?

ማቃጠሉ በአንድ ቀን አልቆመም። ቀስ እያለ ሸሸ። መጀመሪያ ሳፋው ጠረጴዛ ሥር ደርቆ መዋል ጀመረ። ቀጥሎ አንሶላውን ሳያቃስት መልበስ ጀመረ። አንድ ጠዋት አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ እግሩን ሲያሽ አገኘሁትና «ዛሬስ?» አልኩት። ቀና ብሎ አየኝ። «የለም» አለ። «ሄዷል። ምንም የለም።» እልል አልኩ። የግቢው ሰው ምን መጣ ብሎ ወጣ። የዚያን ቀን ባለቤቴ መቁረጫ ቢላዋውን እንደያዘ ከከሰሉ ፊት ትከሻውን ሲሰብቅ ያየ ደንበኛ ሁሉ አጨበጨበለት። ከዚያ በኋላ ሰላምታው ተለወጠ። «ኢታ ከፍ?»፣ እንዴት ነህ፣ ሲሉት «ማፊ ወጃ!» ይላል ድምፁን ከፍ አድርጎ፤ ሕመም የለም! ኪኒኑን ተወው። «የዳነ ሰው መድኃኒት የሚውጠው ለማን ብሎ ነው?» አለኝ። ለኔም ትክክል መስሎ ታየኝ።

አንድ ሰው ብቻ አልሳቀም። ቁርጥ የሚወድ ደንበኛችን ነው፤ የዚህ አገር ልጅ፣ ግን ጋምቤላ መጠለያ ውስጥ አድጎ ጅማ ነርስነት ተምሮ የተመለሰ። ሎሎጎ በሚባል ሰፈር ባለ አንድ ክሊኒክ ይሠራል። ከቁመቱ የተነሳ በራችንን ጎንበስ ብሎ ነው የሚገባው። አማርኛው ከኔ አይተናነስም፤ ሲናደድ ብቻ አረብኛው ይቀድመዋል። ባለቤቴ «ማፊ ወጃ!» ብሎ ሲያበስረው ጉርሻውን በእጁ እንደያዘ ቀረና ወደኔ ዞረ።

«እትዬ፣ ማቃጠሉ ሲጠፋ ቀስ በቀስ ነው የጠፋው?»

«አዎ፣ ቀስ በቀስ። ምን አለበት?»

«እግሩን ስትነኪው ያውቃል? ዓይኑን ጨፍኖ ማለቴ ነው።»

ደሜ ፈላ። እንኳን ደስ አላችሁ ማለት ሲገባው የፖሊስ ጥያቄ ይጠይቀኛል። «የሰው ደስታ ምን አደረገህ? ሟርትህን ለራስህ ያዝ» አልኩት።

አልተቀየመም። ሳህኑን ወደ ጎን ገፋ አደረገና ስለ አባቱ ያወራኝ ጀመር። የአባቱ ግንባር ላይ ከጆሮ እስከ ጆሮ የተሰመሩ ጠባሳዎች አሉ፤ ለወንድነት ሲደርሱ በቢላ የሚቆረጡት። እሱ ስደት ላይ ስላደገ አልተቆረጠም። «አባቴ እስከ ዛሬ ‹ቢላው ግንባሬ ላይ ሲያልፍ ቅንድቤን አላነቃነቅኩም› እያለ ይፎክራል። እኔን ሲያየኝ ግንባሬን ያይና ዝም ይላል። ግን እትዬ፣ አባቴ የሚፎክረው እኮ ስላመመው ነው። ያላመመው ሰው ምኑን ቻልኩ ይላል? ጋሼን ክሊኒክ አምጪልኝና ልየው።»

አላመጣሁለትም። ሲሄድ ባለቤቴ «ሐኪም በሽታ ካላገኘ ሥራ ይፈታል፤ ተይው» አለኝ። በማግስቱ ሲመጣ ጅማት የበዛበትን ሥጋ ነበር ያቀረብኩለት። ሲያኝክ ዋለ።

ጥላው ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን መጣ። ቀይ ከፋይ፣ ዙሪያውን የወርቅ ዘርፍ። ባለቤቴ ከማሸጊያው አውጥቶ ቤት ውስጥ ዘርግቶት ከሥሩ ቆመና «ንጉሥ መሰልኩ?» አለኝ። መስሎ ነበር።

ንግሡ የደረሰው ዝናብ ከረሳን ቆይቶ፣ ፀሐዩ አናት በሚበሳበት ወራት ነው። የቤተ ክርስቲያናችን ግቢ ቀይ አፈር ነው፤ ከፊት ለፊቱ ትንሽ ሲሚንቶ ተደርጓል፤ ሲሚንቶው ከሚያልቅበት የውሃ መውረጃ ቦይ አለ፤ ቦዩ ሰው እንዳይገባበት ወፍራም ላሜራ ተጋድሞበታል። ታቦቱ ወጥቶ ዞረና ቆመ። ስብከት ተጀመረ። ጥላ የያዙት ሁሉ በየቦታቸው ቆሙ፤ ባለቤቴ የደረሰው ሲሚንቶው ዳር ነው፤ አንድ እግሩ ላሜራው ላይ አረፈ። ሌላው ሰው ሲያልፍ እንኳ ላሜራውን ዘሎ ነበር የሚያልፈው።

እኔም በባዶ እግሬ ነበርኩ፤ ሲሚንቶው ላይ ትንሽ እንደቆየሁ ውስጥ እግሬ ሲንቦገቦግ ወደ ግንቡ ጥላ ሸሸሁ። ያልሸሸውም ትኩስ አመድ እንደረገጠች ዶሮ አንዱን እግር ያነሳል፣ ሌላውን ይጥላል። ሰባኪው ደግሞ ስለ ጻድቁ እግር ሲናገሩ ማቆሚያ አጡ። ባለቤቴ ግን ንቅንቅ አላለም። ጥላውን ቀጥ አድርጎ፣ አገጩን ቀና አድርጎ፣ ላሜራው ላይ ቆሟል። አጠገቤ የነበረች ሴት በክርኗ ነካ አደረገችኝና «እዪው፤ እምነት ማለት ይሄ ነው» አለችኝ። ደረቴ ተነፋ። የኔ ነው አልኳት። ከዕድሜዬ ሁሉ በሱ እንደዚያን ቀን የኮራሁበት ቀን የለም። የራሴ እግር ገና እየለበለበኝ፣ ጻድቁ እንዳያቃጥለው መሬቱን አብርዶለታል ብዬ አምኜ ነበር።

ቤት ስንገባ ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ያጠለቀውን ጫማ አወለቀ። ካልሲውን ሊያወልቅ ሲል ቆም አለ። «ውሃ ረግጬ ነው እንዴ? ረጥቧል» አለ። በዚያ ድርቅ የምን ውሃ? ተንበርክኬ ካልሲውን ከጫፉ ሳብኩት፤ አልመጣም። ጠበቅ አድርጌ ሳብኩት። ካልሲው ሲመጣ ከውስጥ እግሩ ቆዳ ይዞ መጣ።

ጮህኩ። እንደዚያ ጮኼ አላውቅም። ባለቤቴ ከወንበሩ ብድግ ብሎ፣ በዚያ በተገፈፈ እግር መሬቱን ረግጦ፣ ክንዴን ያዘና «ምነው? ወገብሽ ነው?» አለኝ።

ለማንም አልተናገርንም። ምን ብለን እንናገር? ጻድቁ አድኖት ስለት ያገባ ሰው፣ ስለቱን ሲያገባ ተቃጠለ ይባል? «ስለቱን አልተቀበለውም» ብሎ የሚያወራ አፍ ጁባ ውስጥ ሞልቷል። ማር ቀባንለት፣ ጸበል ረጨንበት፣ የነጠላ ጨርቅ ቀድጄ ጠቀለልኩለት። እሱ ጫማውን አጥልቆ ወደ ከሰሉ ሄደ። ለምኜዋለሁ። «ቁስል እኮ ካላመመ ቁስል አይባልም» ይለኛል። ነገሩ ሁሉ እዚህ ላይ ነው የተበላሸው። እኔ ወገቤ ትንሽ ነካ ሲያደርገኝ አልጋ ላይ እውላለሁ፤ ማን አስገድዶኝ? ሕመሙ ነው የሚያስተኛኝ። እሱን የሚያስተኛው አልነበረም። ሥጋው ወጥቶ፣ ቀኑን ሙሉ ቆሞበት ይውላል፣ ማታ ሲገባ «ማፊ ወጃ» ይለኛል። እኔም ቤት ውስጥ የምጮኸው ለሁለታችን ሆነ።

ያን ቁመታም ነርስ ሎሎጎ ድረስ ሄጄ መጥራት ይገባኝ ነበር፤ እሱ ግን ለምሳ መጣ። ቁርጡን አዝዞ ከከሰሉ አጠገብ ተቀመጠ፤ አንዴ ጎረሰና ማኘኩን አቆመ። አፍንጫውን አነሳ። ሥጋው መስሎኝ ልቆጣ ነበር፤ እሱ ግን የሚያየው የባለቤቴን ጫማ ነው።

«ጋሼ፣ ጫማህን አውልቅልኝ።»

«ሥራ ላይ ነኝ፣ ልጄ።»

«ካላስ! አውልቅ አልኩህ!»

ባለቤቴ አወለቀ። ነርሱ መሬት ተቀምጦ ጨርቁን ፈታና ፊቱን ወደ ሌላ አዞረ። ነግሬሽ ነበር አላለኝም። ቢለኝ ይሻለኝ ነበር፣ ቢያንስ እጣላው ነበር። ባጃጅ አስቁሞ ባለቤቴን ደግፎ ጫነውና ሆስፒታል ወሰድነው።

ትንሿን ጣትና አጠገቧ ያለችውን ቆረጡለት፤ የሞተ ሥጋም ከሥሩ ጠረጉለት። እኔ ኮሪደሩ ላይ ነበርኩ። ከአንደኛው ክፍል አንዲት ሴት በምጥ ትጮሃለች፤ ከሌላው ጥይት እግሩን የመታው ሰው ጩኸት ይሰማል፤ እናቱን ነው የሚጠራው። ከባለቤቴ ክፍል የሚሰማው የባለቤቴ ወሬ ነበር። ቢላዋው እግሩ ላይ እያለ ነርሱን «ዛሬ ሥጋውን ማን ይረከባል? ፍሪጁን ዘግታለች ወይ?» ይለዋል። ሰው በጩኸት ይቀናል? እኔ ቀናሁ። ያቺ ምጥ የያዛት ሴት፣ ያ እናቱን የሚጠራ ሰው፣ በጎረቤቴ ሀብት ቀንቼ የማላውቀውን ያህል ቀናሁባቸው። የኔም ሰው እንዲህ ቢጮህ፣ አንዴ ብቻ «እናቴ!» ቢል ብዬ ግድግዳውን ተደግፌ አለቀስኩ።

ጻድቁን ተቀየምኩት። ብዙ ጊዜ ሥዕሉን ሳላየው አልፌያለሁ። ከዚያ ሳስበው ደግሞ እሱ ምን ያድርግ? እኔ «ማቃጠሉን ንቀልለት» አልኩ እንጂ «እግሩን ጠብቅለት» አላልኩም። ያ እሳት፣ ያ ሳፋ ውስጥ ያስነከረው እሳት፣ ገና የሚናገር እግር ነበር። እኛ ዝም ሲል እልል አልን። አሁን ነርሱ አስረድቶኛል፤ ስኳሩ የእግሩን ነርቭ እየበላ ሲሄድ መጀመሪያ ያቃጥላል፣ በልቶ ሲጨርስ ዝም ይላል። ኪኒኑን የጣልነው በዝምታው ቀን ነው።

ከሆስፒታል ከወጣ ጀምሮ ማታ ማታ እግሩን ጭኔ ላይ አድርጌ በስልኬ መብራት አያለሁ። በጣቶቹ መሀል፣ ተረከዙን፣ ውስጥ እግሩን። አንድ ቀን ከደህነኛው እግሩ ጫማ ውስጥ የቢራ ቆርኪ አወጣሁ። ከጠዋት ጀምሮ ረግጦት ነው የዋለው፤ የቆርኪው ጥርስ ክብ ሠርቶ ተረከዙ ላይ ታትሟል። ቆርኪውን አሳየሁትና «ይሄ አያምም?» አልኩት። «ላንቺ ያምሻል?» አለኝ። ያመኛል አልኩት። እውነቴን ነው፣ አሞኝ ነበር። ሕመም መካፈላችን በዚያ አበቃ፤ ሁለቱም ወደኔ መጣ።

እሱን ግን ያስጨነቀው እግሩ አልነበረም፤ ከሰሉ ነው። ጠባሽ ቀጥረናል፤ ባለቤቴ በረንዳው ላይ ተቀምጦ የሰው እጅ ሥጋ ሲገለብጥ ያያል። «አሳረረው፤ አሁን ማንሳት ነበረበት» ይላል ለብቻው። ደንበኛ ሰላም ሲለው «ማፊ ወጃ» ማለት ትቷል። አንድ ቀን ነርሱን አፋጠጠው፤ መቼ ነው ወደ ሥራዬ የምመለስ? ነርሱም ቁርጡን ነገረው። የተቆረጠው እግር ነገር ያበቃለት ነው። ያኛው፣ ደህነኛው፣ ገና የሚሰማው ከሆነ በወፍራም ጫማ፣ እየተጠነቀቀ፣ ከሰሉ ጋ ሊቆም ይችላል። ካልሰማ ግን እሳት አጠገብ ዳግመኛ አይቆምም፤ ያንንም እግር እሳት ይወስደዋል፣ እሱም ሳያውቀው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ባለቤቴ እግሩ እየነቃ መሆኑን ይነግረኝ ጀመር። «ዛሬ ጉንዳን ነከሰኝ፣ ተሰማኝ።» «ውሃው ቀዘቀዘኝ።» ጉንዳኑን አላየሁትም፤ ግን አመንኩት። ማመን ፈልጌ ነበር። ያንን በረንዳ ላይ ተቀምጦ የሚያንጎራጉር ሰው አላውቀውም፤ ባሌ ከሰሉ ፊት ቢላዋ ይዞ የሚቀልደው ነው። እሱን መልስልኝ ብዬ እንደገና ጸለይኩ፤ አሁን ግን ሳልሳል።

ክሊኒኩ ሄድን። ነርሱ ባለቤቴን አልጋ ላይ አስተኝቶ እግሩን ገለጠና ሁለት ነገር አሳየው፤ ጫፉ ላይ ቀጭን የፕላስቲክ ክር ያለው እንጨትና መርፌ። «ጋሼ፣ ዓይንህን ጨፍን። ስነካህ ‹አዎ› በለኝ። ሌላ ምንም አትበል።» ባለቤቴ ዓይኑን ጨፈነ። እጁን ወደኔ ዘረጋ። «እጅሽን ስጪኝ» አለኝ፤ ሰጠሁት። ቀዝቅዞ፣ ላብ ላብ ብሎት ነበር።

ክሩ ተረከዙን ነካ። «አዎ» አለ ባለቤቴ። ከአውራ ጣቱ ሥር ነካ። «አዎ።» መሀል እግሩን። «አዎ።» ተመስገን አልኩ በሆዴ፤ እልልታዬ ጉሮሮዬ ላይ ደረሰ። ጉንዳኑ እውነት ነበር! ነርሱን አየሁት፣ አብሮኝ ደስ እንዲለው። እሱ ግን እግሩን አያይም። ቀና ብሎ የተያያዙ እጆቻችንን ነው የሚያየው።

መርፌውን አነሳ። ሲያመጣው አየሁት፤ ጫፉ ወደዚያ ለስላሳ ሥጋ ሲቀርብ ጣቶቼ እጁን ጭምቅ አደረጉት።

«አዎ!» አለ ባለቤቴ።

መርፌው ገና አልነካውም ነበር።

ነርሱ መርፌውን አየር ላይ እንደያዘ ቆመ። ዓይኑን ወደኔ አነሳ። አታልሎን ነው ወይስ የጣቶቼን መጨበጥ የእግሩ ስሜት መስሎት ነው? እስከ ዛሬ አልጠየቅኩትም፤ የምጠይቅበትም አፍ የለኝም። ያን ጊዜ የማውቀው አንድ ነገር ነበር፤ እጄን ካላነሳሁ ባሌ ከሰሉ ጋ ይመለሳል። ነገ ጠዋት ቢላዋውን ይስላል፣ ትከሻውን ይሰብቃል፣ ይስቃል።

«አፍንጫዬን ልጥረግ» አልኩና እጄን አወጣሁ።

የሱ እጅ አንሶላው ላይ እንደተዘረጋ ቀረ። ነርሱ ጎንበስ አለና መርፌውን ተረከዙ ላይ ተጫነ። ከዚያ መሀል እግሩ ላይ። ከዚያ ከአውራ ጣቱ ሥር፤ እዚያ ጠበቅ አደረገው፣ ትንሽ ደምም ወጣች። ነጠላዬን ነከስኩ። ባለቤቴ ዓይኑን እንደጨፈነ፣ ስሙ እስኪጠራ እንደሚጠብቅ ሰው ጆሮውን አቁሞ፣ ፈገግ እንዳለ ነበር። ጠበቀ። ትንሽ ቆየና ያ የተዘረጋ እጁ አንሶላውን እየዳሰሰ የኔን ፈለገ።

«ምነው ዝም አላችሁ?» አለ። «ጀምሩ እንጂ።»